ፊቴ የሕዝብ ነው

የአዳማን ሕዝብ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነው። ሐኪም ቤት ተሰልፌ ካርድ ሳላወጣ፣ አምስት ሳንቲም ሳልከፍል፣ ከፍራንኮ ሰፈር እስከ እኔ ሰፈር ድረስ ታክሜያለሁ። ያውም ሳልጠይቅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መዓዛው ግቢ የሚሞላ አዲስ ሳሙና ገዛሁና ጉንጬ ተቆጣ። ድሮም ቆዳዬ ስስ ነው፤ ሰበብ ነው የሚፈልገው። የከተማችን ፀሐይም አለች። አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናትና ሙቀቷ የቆላ፣ ጨረሯ የደጋ ነው። ንፋሱን ደግሞ አታንሱት። ከከተማው ወጣ ብሎ 136 ተርባይን የሚያዞር ንፋስ የእኔን ጉንጭ አክብሮ ያልፋል ብዬ አልጠብቅም።

ምን አደረግኩ? ሳሙናውን ጣልኩ። ለብ ባለ ውሃ ብቻ ታጠብኩ። ከዚያ ቫዝሊን ልገዛ ወጣሁ። ጥፋቴ መውጣቴ ነው።

ገና ባጃጅ ውስጥ ሳልደላደል ሾፌሩ በመስታወት አየኝ።

«እህቴ፣ ፊትሽን ምን ነካው? የጥርስ ሳሙና ቀቢው። ማታ ቀብተሽ ስታድሪ ጠዋት የለም።»

ምኑ እንደማይኖር አልነገረኝም።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ግን በጥርስ ሳሙና አልተስማማችም። ሎሚ ነው አለች። ያቃጥላል አልኳት። «ካቃጠለሽማ እየሠራ ነው!» በዚህ ሒሳብ ከሰል የሚያህል ክሬም የለም። ፒኤች በሚባለው የአሲድ መለኪያ ጤነኛ ቆዳ 5 አካባቢ ነው፣ ሎሚ 2 አካባቢ። በፒኤች አንድ ቁጥር መውረድ አሲዱ አሥር እጥፍ ጨመረ ማለት ስለሆነ፣ ሴትዮዋ ያዘዘችልኝ ከቆዳዬ አንድ ሺህ እጥፍ የሚበልጥ አሲድ ነው። እሱን ተቀብቶ የአዳማ ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው ቆዳው ሊቃጠልና ለወራት የማይለቅ ጥቁረት ሊተርፈው ይችላል። ግን አሳቢ ሴት ናት። ከመውረዷ በፊት ሁለት ጊዜ «ፍሬውንም እሺው» ብላኛለች።

ዋናው ጉባኤ የተካሄደው ግን ለቅሶ ቤት ነው።

ሰፈራችን አንድ አዛውንት አርፈው ድንኳን ተጥሏል። ገብቼ ተቀመጥኩ። ፊቴ ቀልቶ ያዩ ሁለት እናቶች «ምን ያህል ብትወዳቸው ነው!» ሲባባሉ ሰማሁ። ዝም አልኩ፤ ለሟች ክብር ነው። ቀጥሎ ጎረቤቴ አገጬን ያዘች። የበዓል በግ ጥርሱ እንደሚታይ ወደ ብርሃኑ አዞረችኝ። «ማድያት ነው» አለች። ከኋላ ደግሞ «ምን ማድያት አለ፣ ምች ነው እንጂ! ዳማከሴ ጨምቃችሁ እሹላት» የሚል መጣ። ሦስተኛዋ ጉበቴን ጠረጠረች። ጉበት! ሳሙና ነው ብዬ ነበር፤ ሰሚ አላገኘሁም። ሕመሙ የእኔ ቢሆንም ጉዳዩ የእኔ አልነበረም።

ከዚያ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። የእርድና ማር ወገን በአንድ በኩል፣ የእንቁላል ነጭ ወገን በሌላ በኩል። መሀል ሰፋሪዎች የቡና አተላ ይጨመርበት አሉ። ንፍሮ የሚያዞረው ልጅ ሳይቀር ቆሞ «ቤኪንግ ሶዳስ?» አለ። የእድሩ ጸሐፊ መዋጮ መመዝገቡን ትቶ መነጽሩን አወለቀ። «ሶደሬ ሦስት ቀን ትዘፍዘፍ» ብሎ ፈረደ። የተቆጣ ፊት በፍልውሃ መዘፍዘፍ! የቀረችውን ወዝ ጠራርጎ እንደሚወስድ ብነግረው የእድር አባልነቴን የሚሰርዝ መሰለኝና ተውኩት።

ማስረጃ የለም እንዳትሉ፤ አለ። የአክስት ልጅ። የሁሉም መድኃኒት የአክስቱን ልጅ አድኗል። የአክስት ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ ዱባይ ናት።

በዚህ መሀል ሐዘንተኛዋ፣ የሟች ልጅ፣ ነጠላዋን እንደዘቀዘቀች ቀና አለች። ድምጿ በለቅሶ ተዘግቷል። ሁሉም ዝም አለ። «እሬት ከሆነ» አለች በሰለለ ድምፅ፣ «ስትቆርጪው መጀመሪያ ቢጫው ውሃ ይንጠፍጠፍ።» ይህን ብላ «አባዬ!» ወደሚለው ለቅሶዋ ተመለሰች። የእሬት ቢጫ ፈሳሽ በእርግጥም ቆዳ ያስቆጣል። ድንኳኑ ውስጥ ከተነገረው ሁሉ እውነቱ ያ ብቻ ነበር።

እኔም ደፍሬ «ብተወውስ?» አልኩ። ለሟቹ እንኳን እንደዚያ ጸጥ አልተባለም።

በማግስቱ መዋቢያ ሱቅ ገባሁ። ቫዝሊን ስላት ሻጯ ፈገግ አለች። «ውይ፣ እሱማ የድሮ ነው።» አልተሳሳተችም። የባለቤትነት መብቱ የተሰጠው በ1872 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን ያህል ዘመን ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ የቆዳን እርጥበት ይዞ ከመቀመጥ በቀር ሌላ ሙያ የለው። ሰነፍ ዕቃ! ሰባት ጠርሙስ ደረደረችልኝ። በቅደም ተከተል መቀባት አለብኝ፤ ሰባተኛው ላይ ስደርስ የመጀመሪያው ጊዜው ያልፍበታል። የፀሐይ መከላከያም ጠየቅኳት። ዋጋውን ነገረችኝ። ጃንጥላዬን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

ከአጠገቤ አንዲት ልጅ ቆማለች። ዩኒፎርም ለብሳለች። ሻጯ ከመደርደሪያው ሥር ጽሑፍ የሌለበት ብልቃጥ አወጣችላት። «ቅልቅሉ ነው፤ በሳምንት ያጠራሻል።»

እዚህ ላይ አልቀልድም። እንዲህ ባለ ቅልቅል ውስጥ ሃይድሮኩዊኖን የሚባል ቆዳ የሚያነጣ ኬሚካል ይገኛል፣ ሜርኩሪ ይገኛል፣ ክሎቤታሶል የሚባል ኃይለኛ ስቴሮይድም ይገኛል። ክሎቤታሶል ሐኪም ለአጭር ጊዜ የሚያዝዘው መድኃኒት ነው፤ ፊት ላይማ ባይነካ ይመረጣል። አዎ፣ በሳምንት ያጠራል። ወራት ሲቆይ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሩ ይታያል፤ ልተወው ሲሉት ፊት እሳት ይሆናል። ልጅቷ ያስቆጠረችው የታክሲ ብሯን ነው። ምን እንደሆነ ያልተጻፈበትን ነገር ለሕፃን ልጅ ፊት የሚሸጥ ሰው አላወቅኩም ሊል አይችልም። የሚያውቅ ሰው ነው ጽሑፉን የሚልጠው። «አትግዢው» አልኳት። ሻጯን አየች፣ የእኔን ቀይ ፊት አየች። ማንን ታምናለች? ገዛችው።

ወደ ቤቴ ገባሁ። የእኔ ሕክምና ለወሬ አይመችም። ጠዋትና ማታ ለብ ያለ ውሃ። ፊቴ ሳይደርቅ ስስ ቫዝሊን። ከቤት ስወጣ ጃንጥላ። ሽታ የሌለው ሳሙና ሳገኝም ቀጥታ ፊቴ ላይ አላዋልኩትም፤ ሳምንት ያህል የክንዴን ውስጠኛ ክፍል አጠብኩበት። ክንዴ ዝም አለ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጉንጬም ዝም አለ።

ባለፈው እሁድ የአዛውንቱ አርባ ነበር። ገና ስገባ ጎረቤቴ አገጬን ያዘች። «አላልኩሽም? እርድ!» እርድ አልነካሁም አልኳት። ጠቀሰችኝ። የእንቁላል ወገንም ድሉን ወሰደ። የእድሩ ጸሐፊ ከሩቅ አውራ ጣቱን አሳየኝ፤ ሶደሬ መሆኑ ነው። ቆጥሬያቸዋለሁ፣ አምስት ሰው አድኖኛል። «ምንም አልተቀባሁም፣ ቫዝሊን ብቻ ነው» ስል አንዷ ቅር ብሏት ፊቷን አዞረች። «ደብቂ እንግዲህ» አለች። «እኛ ሳንደብቅሽ።»

ይሄኔ አንዲት ልጅ አንገቷ ቀልቶ ገባች። ሦስት ወንበር ወደ እሷ ተሳበ።