የቦታው ስም ያልተጻፈበት ናሙና

ቀደምት የሳይንስ ተጓዦች በአገራችን ስላገኟቸው አዕዋፍ የቀረበውን ጽሑፍ እዚህ ጅማ ሆኜ በጥሞና አነበብሁት። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1830ዎቹ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ ተጉዞ የሰበሰባቸው ናሙናዎች ፍራንክፈርት በሚገኘው የዜንከንበርግ ሙዚየም መግባታቸው በሚገባ ተገልጿል፤ ይሁን እንጂ «አገኘ» የሚለው ቃል ማብራሪያ ያስፈልገው ነበር። ሩፔል ሳይንሳዊ ስም ያወጣለት ጋጋኖ ዛሬም በከተማችን ላይ እየጮኸ የሚያልፍ፣ የአገሩ ገበሬ ከማንም አስቀድሞ የሚያውቀው ወፍ ነው፤ ሳይንስ የጨመረው ናሙናውን፣ ልኬቱንና የታተመውን መግለጫ ነው፣ ይህም ቀላል ሥራ አይደለም።

ጽሑፉ በአንድ መስመር ብቻ ያለፈው የጣሊያናዊው ልዑል ኤውጄንዮ ሩስፖሊ ታሪክ ግን ሰፋ ያለ ቦታ ይገባው ነበር። ሩስፖሊ በ1893 በደቡብ ኢትዮጵያ ዝሆን ገድሎት ሲሞት፣ ከሰበሰባቸው አዕዋፍ መካከል አንድ ሶሪት የተያዘበት ቦታና ቀን ሳይጻፍለት ቀረ። ጣሊያናዊው የአዕዋፍ ተመራማሪ ሳልቫዶሪ በ1896 በሟቹ ስም ቢሰይመውም፣ ወፉ በየትኛው ደን እንደሚኖር ሳይታወቅ ዐሥርተ ዓመታት አለፉ፤ በ1940ዎቹ ነው በደቡብ ኢትዮጵያ በሚገኘው የአሬሮ ደን እንደገና የታየው። የቅርብ ዘመዱ የሆነውን፣ ክንፉ ሲዘረጋ ቀይ የሚያበራውን ባለ ነጭ ጉንጭ ሶሪት በጅማ ዛፎች ላይ ባየሁ ቁጥር ያ ባዶ ወረቀት ትዝ ይለኛል፤ መንገድ የመሩትና ወፎቹን በየስማቸው የጠሩ የአገሬው ሰዎችም ስማቸው እንደዚሁ ሳይመዘገብ መቅረቱ ያሳዝነኛል።