ዴል ቦይ በመስፍኑ ገበታ፦ የ1986ቱ የገና ክፍል የተበላሸው ሳቅ ስለጎደለው አይደለም

«ኦንሊ ፉልስ ኤንድ ሆርስስ» የተሰኘውን የእንግሊዝ ኮሜዲ የሚወዱ ሰዎች በብዙ ነገር ይስማማሉ። የመብራት ጌጡ የወደቀበት ክፍል ድንቅ ነው፤ ወንድማማቾቹ ሚሊየነር የሆኑበት ክፍል ያስለቅሳል። በዲሴምበር 25 ቀን 1986 በቢቢሲ የተላለፈው «ኤ ሮያል ፍላሽ» ሲነሳ ግን ስምምነቱ ይፈርሳል። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ገሚሱ «ከሁሉም የባሰው ክፍል ነው» ይላል። ገሚሱ «ያለ ስሙ ስም ተሰጠው» ብሎ ይሟገታል። ሦስተኛ ወገንም አለ፦ ደራሲው ጆን ሱሊቫን ከዓመታት በኋላ ከ20 ደቂቃ በላይ ቆርጦ፣ የተመልካች ሳቅ ጨምሮ በዲቪዲ ያወጣውን ቅጂ «ይኼኛው ነው ትክክለኛው» የሚል።

እኔ ክፍሉ ተበላሽቷል ከሚሉት ጋር ነኝ። ነገር ግን ለመበላሸቱ ከሚሰጡት ምክንያቶች አብዛኞቹ የተሳሳቱ ናቸው። ምክንያቱ ከተሳሳተ ደግሞ ጥገናውም ይሳሳታል፤ በዲቪዲው ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ተከታታዩን ላላየ ሰው ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ዴል (ዴቪድ ጄሰን) እና ታናሽ ወንድሙ ሮድኒ (ኒኮላስ ሊንድኸርስት) በደቡብ ለንደን፣ ፔክም በሚባል ሰፈር፣ በመንግሥት ፎቅ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። እናታቸው ሞታለች፤ አባታቸው ጥሏቸው ሄዷል፤ ሮድኒን ያሳደገው ዴል ነው። ኑሯቸው ገበያ ላይ የማይረባ ዕቃ መቸርቸር ነው። ታሪኩ ከ1981 እስከ 2003 ሲቀጥል የተሸከመው አንድ ጥያቄ ነው፦ ዴል ወንድሙን ይወዳል፣ ግን ሊለቀው አይችልም። ተመልካቹ ዴል ሲዋሽም፣ ሲያጭበረብርም፣ ሮድኒን ሲያላግጥበትም ይቅር የሚለው ከሥር ያለውን ፍቅር ስለሚያውቅ ነው።

በ«ኤ ሮያል ፍላሽ» ሮድኒ ገበያ ላይ ቪኪ ከምትባል ልጅ ጋር ይተዋወቃል። ልጅቷ የሜይልበሪ መስፍን ልጅ ሆና ትገኛለች። ዴል ይህን ሲሰማ ዓይኑ ያበራል። ለሮድኒና ለቪኪ የ«ካርመን» ኦፔራ ቲኬት ያገኝላቸውና እሱም ጁን የምትባል ሴት ይዞ እዚያው ከች ይላል፤ አዳራሹን በወሬና በመብላት ያውካል። ቀጥሎ ሮድኒ ወደ መስፍኑ የገጠር ቤት ሲጋበዝ፣ ዴልና አጎት አልበርት የሮድኒን የራት ልብስ እናድርስ በሚል ሰበብ ተከትለው ይመጣሉ። ዴል የሸክላ ዒላማ ተኩሱ ላይ ከባንክ ዘራፊ የተዋሰውን ጠመንጃ ይዞ ይቀርባል። ማታ በራት ገበታው ላይ ደግሞ ይሰክርና ሮድኒን በሚወዳት ልጅና በአባቷ ፊት ያዋርደዋል።

አድናቂዎች መጀመሪያ የሚያነሱት ምክንያት የሳቁ ነው። ተከታታዩ በተለምዶ የሚቀረጸው ስቱዲዮ ውስጥ፣ በተጋበዘ ሕዝብ ፊት ነበር። ይህ ከድምፅ ማድመቂያነት ያለፈ ሥራ አለው። ተዋናዩ ሳቁ እስኪበርድ ድረስ ቀጣዩን ቃል ይይዛል፤ ፊቱን ይጠቀማል፤ አንዳንዴ ዝም ብሎ በማየት ብቻ ሁለተኛ ሳቅ ያወጣል። ዴቪድ ጄሰን በዚህ የተካነ ነው። «ኤ ሮያል ፍላሽ» ግን ሙሉ በሙሉ በፊልም የተቀረጸ ስለሆነ ተመልካችም ሳቅም አልነበረውም። ስለዚህ የዴል ስድብ ቀዝቃዛ ሆኖ ተሰማ ይላሉ።

ይህ ክርክር አንድ ዓመት ወደኋላ ሲሄዱ ይፈርሳል። በ1985 የገና ዕለት የቀረበው «ቱ ኸል ኤንድ ባክ» እሱም ሙሉ በሙሉ በፊልም የተሠራ፣ ሳቅ የሌለው ነው። 90 ደቂቃ ስለሆነ ይበልጥ ረጅምም ነው። ዴል፣ ሮድኒና አልበርት በጀልባ ወደ ሆላንድ ሄደው አልማዝ ለማሻገር ይሞክራሉ። አቅጣጫ ጠፍቷቸው ባሕር መሐል ነዳጅ የሚያወጣ ሠራተኛን «ሆላንድ በየት በኩል ነው?» ብለው ሲጮኹበት፣ ቤቱ የተቀመጠ ተመልካች እንዲስቅ ማንም አይቀሰቅሰውም። ያም ሆኖ ክፍሉ ከተወዳጆቹ አንዱ ነው። ልዩነቱ በዚያ ጀልባ ላይ ሦስቱም አንድ አደጋ ውስጥ መሆናቸው ነው። ዴል የሚያመጣው ጣጣ ለዴልም ይደርሳል። በመስፍኑ ቤት ግን ጣጣው በሙሉ አንድ ሰው ላይ ያርፋል፤ ያ ሰው ደግሞ ሮድኒ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ቦታው ነው። የፔክም ሰው መኳንንት መካከል ሲገባ አይሆንም፣ ታሪኩ ከአፈሩ ተነቀለ ይባላል። ይህንንም አልቀበልም። በዲሴምበር 1982 የቀረበውን «ኤ ተች ኦቭ ግላስ» ማየት ይበቃል። ዴል መኪናዋ መንገድ ላይ የቆመባትን ባላባት ሴት ረድቶ ቤቷ ይገባል፤ ትልልቆቹን የጣሪያ መብራቶች ለማጽዳት ባለሙያ 1,200 ፓውንድ ሲጠይቅ ይሰማና «እኔ በ350 እሠራዋለሁ» ይላል። ዴልና ሮድኒ መሰላል ላይ ሆነው ከአንዱ መብራት ሥር ጨርቅ ዘርግተው ይጠብቃሉ። አያታቸው ከላይኛው ፎቅ ሆነው የሌላኛውን ብሎን ይፈታሉ። መብራቱ ከጀርባቸው ተከሰከሰ። ትዕይንቱ አንዴ ብቻ ሊቀረጽ የሚችል ነበር፤ ዛሬም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታሪክ ውስጥ ይጠቀሳል።

እዚያም ቤቱ የባላባት ነው፤ እዚያም ዴል ያልሆነውን ነኝ ይላል። ግን ውርደቱ የሚወድቀው በማን ላይ ነው? «እችላለሁ» ባለው በራሱ በዴል ላይ። ትዕቢቱ ቅጣቱን ጠራ። ሮድኒም አያቱም ከሱ ጋር አብረው ሮጡ፤ ከመካከላቸው የተከዳ የለም።

ሦስተኛው ምክንያት እውነት አለው፤ የዝግጅቱ ችግር። በቀረጻው ወቅት ዴቪድ ጄሰን ድምፁ ተዘጋ፤ አልበርትን የሚጫወቱት በስተር ሜሪፊልድም ታመሙ። ሥራው እየተጓተተ ሄዶ የቀሩትን ትዕይንቶች በገና ዕለት በቀጥታ ስርጭት እስከማቅረብ ድረስ ታስቦ ነበር። ኤዲቲንጉ ከስርጭቱ ጋር እየተሽቀዳደመ አለቀ። በጥድፊያ የሚቆረጥ ፊልም የሚታወቅ ጉድለት አለው፦ አንድ ትዕይንት ሐሳቡን ከጨረሰ በኋላም ይቀጥላል። የኦፔራው ትዕይንት እንዲህ ነው። ዴል ሥርዓት እንደማያውቅ በመጀመሪያው ደቂቃ ገብቶናል፤ የሚቀጥለው ሁሉ ያንኑ መድገም ነው። እዚህ ላይ ሱሊቫን መቁረጡ ልክ ነበር።

የራት ገበታው ግን የርዝመት ጉዳይ አይደለም። እዚያ የተበላሸው ጽሑፉ ነው።

ይህን ለማየት ከገናው ክፍል ሦስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ በኦክቶበር 1986 ወደ ቀረበው የአምስተኛው ምዕራፍ መዝጊያ መሄድ ያስፈልጋል። የዴል የድሮ ጓደኛ ከአውስትራሊያ መጥቶ መኪና የማስመጣት ንግድ ውስጥ በሽርክና እንዲገባ ይጠይቀዋል። ዴል ዕድሜ ልኩን ሲያልመው የኖረው ዕድል ነው። ሮድኒ ግን ቀደም ሲል በሐሺሽ ተፈርዶበት ስለነበር ቪዛ ይከለከላል። ዴል ብቻውን መሄድ ይችል ነበር፤ በመጨረሻ ግን ቀረ። ያንን ያየ ተመልካች ሳምንታት ቆይቶ ገና ላይ ቴሌቪዥኑን ሲከፍት፣ ለወንድሙ ሲል ሀብት የተወው ሰው ያንኑ ወንድሙን በእንግዳ ፊት ሲያፈርስ ያያል። ለዚህ ለውጥ ምክንያት አልተሰጠውም። ዴል ብቻውን መቅረትን ፈርቶ ይሆን? ቀንቶ ይሆን? ሮድኒ ከዚያ ዓለም ገብቶ እንዳይናቅ ቀድሞ ሊያድነው ፈልጎ ይሆን? ሦስቱም ታላቅ ድራማ የሚወጣቸው ሐሳቦች ናቸው። ጽሑፉ ግን አንዱንም አልያዘም፤ መጠጡን ብቻ ሰበብ አደረገው።

ክፍሉን የሚከላከሉ ሰዎች «ዴል ሁልጊዜም እንዲህ ነው፣ ሮድኒን ከማዋረድ ቦዝኖ አያውቅም» ይላሉ። ልክ ነው፣ ግን ልዩነት አለ። ዴል ሰፈሩ መጠጥ ቤት ውስጥ ሮድኒን ሲያበሽቅ ሮድኒ መልስ አለው፤ ቤቱ ነው፣ ጓደኞቹ ናቸው፣ ነገ እኩል ይሆናል። በመስፍኑ ገበታ ላይ ሮድኒ መልስ ቢሰጥ ራሱን ይበልጥ ያዋርዳል፤ ዝም ቢል ልጅቷን ያጣል። መውጫ የሌለውን ሰው መምታት አያስቅም። በታላቅ ወንድሙ እጅ ያደገ ሰው ይህንን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም፦ የአባትን ቦታ የያዘ ሰው በአደባባይ ሲያፈርስህ መልሰህ የምትለው ነገር የለህም።

ሱሊቫን ይህ ጭካኔ እንዳላማረበት ግልጽ ነው፤ እንደገና የቆረጠውም ለዚህ ነው። ችግሩ መቁረጥ የሌለውን ትዕይንት ሊፈጥር አለመቻሉ ነው። የዴልን አንዳንድ ቃላት ሲያወጡ ጭካኔው ያንሳል፤ ግን ለምን እንደጨከነ አሁንም አይታወቅም። የተጨመረው ሳቅ ደግሞ የራሱን ጉዳት ያመጣል። ተዋናዮቹ ሲጫወቱ ለሳቅ ጊዜ አልተዉም፤ የሚስቅ ሰው እንደሌለ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ሳቁ የሚቀጥለው ቃል ላይ ይወጣል፣ ወይም ትዕይንቱ ጸጥታ በሚፈልግበት ቦታ ይገባል። የሮድኒ ፊት ሲለወጥ እያየን ከጀርባ ሰው ሲስቅ መስማት ከቀድሞው የባሰ ነው። በመጀመሪያው ቅጂ ቢያንስ ዝምታው ከሮድኒ ጋር ያቆመናል።

ለዚህ ነው ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል የመጀመሪያውን የምመርጠው። የተበላሸ ቢሆንም ሐቀኛ ነው። ኒኮላስ ሊንድኸርስት በራቱ ትዕይንት ላይ ከልብ ነው የተጫወተው፤ በእርሱ ፊት ላይ ያለው ሥራ ከዚያ በኋላ በ1989 ለመጣው ሁሉ መንገድ ከፍቷል ብዬ አምናለሁ። በዚያ ዓመት ክፍሎቹ ከ30 ደቂቃ ወደ 50 ደቂቃ አደጉ፤ ሱሊቫንም ሳቅና ሐዘንን ጎን ለጎን የሚያስኬድበት ሰፊ ቦታ አገኘ። ያኔ የተጻፈው «ሊትል ፕሮብሌምስ» ለ«ኤ ሮያል ፍላሽ» የተሰጠ መልስ ይመስለኛል። ሮድኒ ሊያገባ ነው፤ ለቤት መግዣ ቅድሚያ ክፍያ 2,000 ፓውንድ ይጎድለዋል። ዴል ለአደገኞቹ የድሪስኮል ወንድማማቾች ሊከፍል የሚገባውን ገንዘብ ለሮድኒ ሰጥቶ ድብደባውን በራሱ አካል ይቀበላል። እዚህም ዴል ወንድሙ ወደ ሌላ ሕይወት ሲሄድ እያየ ነው፤ እዚህም መለየቱ ያመዋል። ነገር ግን ሕመሙን የሚከፍለው ራሱ ነው። በ1986 የጎደለው ትዕይንት ይህ ነበር።

የገናው ክፍል ተመልካች አላጣም፤ 18.8 ሚሊዮን ሰው አይቶታል። በዚያው ምሽት የ«ኢስትኤንደርስ» ድራማ ከ30 ሚሊዮን በላይ ተመልካች በማግኘቱ ቁጥሩ አነስ ብሎ ታየ እንጂ፣ ለየትኛውም ዝግጅት ትልቅ ነው። በዚያ ምሽት ያዩት ሰዎች የሚያስታውሱት የመጀመሪያውን ቅጂ ነው። ስለዚህ ተከታታዩን የሚሸጡም ሆነ የሚያሰራጩ ድርጅቶች ሁለቱንም ቅጂ ጎን ለጎን ማቅረብ አለባቸው። ሱሊቫን ሥራውን የማረም መብት ነበረው፤ በ2011 እስኪሞት ድረስም የራሱ ሥራ ነበር። ነገር ግን የታረመው ያልታረመውን ከገበያ ሊያስወጣው አይገባም። አንድ ደራሲ የት ላይ እንደሳተና እንዴት እንደተማረ የሚታየው ሁለቱ ሲነጻጸሩ ነው፤ ለጽሑፍ ተማሪ ከዚህ የሚሻል ትምህርት የለም።

የትኛው ቅጂ በእጅዎ እንዳለ ለመለየት ኦፔራው እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ከፍተው ያድምጡ፤ የሕዝብ ሳቅ ከተሰማ የታረመው ነው። ርዝመቱም ይናገራል፦ የመጀመሪያው ከአንድ ሰዓት ከሩብ ትንሽ ያልፋል፣ የታረመው አንድ ሰዓት አይሞላም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው በዚህ ክፍል መጀመር የለበትም፤ ዴልን ሳይወደው ሊጠላው ይችላልና። በመብራቱ ክፍል ይጀምር፤ ከዚያ የኦክቶበር 1986ቱን የአውስትራሊያ ክፍል ይመልከት፤ ወዲያው ሳይዘገይ የመጀመሪያውን «ኤ ሮያል ፍላሽ» ያስከትል። «ሊትል ፕሮብሌምስ»ን በማግስቱ ያድርገው፤ በአንድ ምሽት ሁለቱን ማየት ይከብዳል።