ፊት አንከራይም

ባለፈው ሳምንት ለአነስተኛ ነጋዴዎች የተዘጋጀ የኦንላይን ሥልጠና ገብቼ ነበር። ሥራችሁን በቪዲዮ እንዴት ታስተዋውቃላችሁ የሚል ነው። አሠልጣኙ ገና 20 ደቂቃ ሳይሞላው እንዲህ አለ፦ «ካሜራ የሚወደው ሰው አለ፤ የማይወደው አለ። የማይወዳችሁ ከሆነ ጊዜያችሁን አታቃጥሉ። ጥሩ ፊት ያለው ሰው ቅጠሩና እሱ ይናገርላችሁ። ለዚያ አቅሙ ከሌላችሁ ደግሞ ፊቱን በኤአይ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ አሠሩ።»

አጠገቤ ጓደኛዬ ተቀምጣለች። የቆዳ ቦርሳ በእጇ እየሰፋች ትሸጣለች። አንድ ላፕቶፕ ላይ ነበር የምንከታተለው። ይህን ስትሰማ ምንም አላለችም። ስልኳን በፊቱ ደፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ስልኩ ውስጥ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትቀርጽ፣ ስታጠፋ፣ እንደገና ስትቀርጽ ከርማ የመረጠችው ቪዲዮ አለ። በዚያን ቀን ማታ ልትለቀው ነበር። አልለቀቀችውም።

ተናድጃለሁ። ሰው በስንት መከራ ያጠራቀመውን ድፍረት በሁለት ዓረፍተ ነገር መበተን ሥልጠና አይባልም።

ማስረጃዬ ብሎ ያመጣውን እንይ። «ከምናስተላልፈው መልእክት 93 በመቶው በፊትና በድምፅ ቃና የሚተላለፍ ነው፤ ቃል 7 በመቶ ብቻ ነው» አለ። እንግዲህ ፊትና ድምፅ ካላማረ የምትናገሩት ሁሉ ከንቱ ነው ማለቱ ነው። ይህ ቁጥር በየሥልጠናው ይዞራል፤ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የመጣው የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት መህራቢያን እ.ኤ.አ. በ1967 ከባልደረቦቹ ጋር ካወጣቸው ሁለት ጥናቶች ነው። በአንደኛው ተሳታፊዎች የሰሙት አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «ምናልባት»። ቃሉ በተለያየ ቃና ይሰማል፤ የፊት ፎቶ አብሮ ይቀርባል። ከዚያ ተናጋሪው ስለሚያናግረው ሰው ምን ይሰማዋል፣ ይወደዋል ወይስ ይጠላዋል ተብለው ይጠየቃሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ስለ ዕቃ ጥራት የሚያስረዳ ሰው እዚያ ውስጥ የለም። ስለ አሠራር የሚናገር የለም። መህራቢያን ራሱ ቀመሩ ሰው ስለ ስሜቱ ሲናገር እንጂ ለሌላ ንግግር እንደማይሠራ ተናግሯል። አሠልጣኙ በቁጥሩ በእውነት የሚያምን ከሆነ የሚቀጥለውን ሥልጠና ያለ ቃል፣ በፊቱና በቃናው ብቻ ይስጠን። ስንቱን እንደምንማር እናያለን።

ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው።

«ካሜራ አይወደኝም» የሚል ሰው ይህን በምን አወቀ? የቀረጸውን ከፍቶ ራሱን አይቶ ነው። ፊቱን አየ፣ ድምፁን ሰማ፣ ክው አለ። ሌላ ማስረጃ የለውም። የራሳችሁን ቪዲዮ ለመዳኘት ደግሞ በዓለም ላይ ከእናንተ የባሰ ዳኛ አይገኝም። ይህን የምለው ላጽናናችሁ ብዬ አይደለም። የፊታችሁን እውነተኛ መልክ እናንተ አታውቁትም።

ፊታችሁን የምታውቁት በመስታወት ነው። መስታወት ቀኙን በግራ ያሳያል። የጸጉራችሁ ክፍፍል፣ ከፍ ያለው ቅንድባችሁ፣ ስትስቁ ወደ አንድ ጎን የሚሄደው አፋችሁ፣ ሁሉንም የለመዳችሁት ተገልብጦ ነው። ግራና ቀኙ ፍጹም እኩል የሆነ ፊት ደግሞ የለም። የስልኩ የፊት ካሜራ በምትቀርጹበት ሰዓት እንደ መስታወት ያሳያችኋል። ብዙ ስልኮች ግን ቀርጻችሁ ስትጨርሱ ሌላ ሰው እንደሚያያችሁ አድርገው ያስቀምጡታል። ስትከፍቱት የምታውቁት ሰው የለም። እናንተን የሚመስል፣ ፊቱ ትንሽ የዞረበት ሰው ያያችኋል። ድንጋጤው ከዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ይህንኑ ፈትኗል። ተመራማሪዎቹ ሴቶችን ፎቶ አነሱና ሁለት ቅጂ አሳዩዋቸው፤ አንዱ ትክክለኛው፣ አንዱ የተገለበጠው። ሴቶቹ በአብዛኛው የተገለበጠውን፣ ማለትም በመስታወት የሚያውቁትን ወደዱ። የቅርብ ጓደኞቻቸው ግን ትክክለኛውን መረጡ። ፊቱ ያው አንድ ፊት ነው። እያንዳንዱ የወደደው የለመደውን ነው። እና ቪዲዮውን የሚያየው ማን ነው? ደንበኛው። ደንበኛው የቆመው በጓደኛ ቦታ ነው። እናንተን ያስደነገጣችሁ ነገር እሱ ዘንድ የለም።

ድምፁም እንዲሁ ነው። ስትናገሩ ድምፃችሁ ወደ ጆሯችሁ በአየር ብቻ አይመጣም፤ በራስ ቅላችሁ አጥንትም ያልፋል። አጥንቱ ወፍራሙን የድምፅ ክፍል በደንብ ያደርሳል። ስለዚህ ለራሳችሁ ሞላ ያለ ድምፅ አላችሁ። ቅጂው ውስጥ አጥንቱ የለም፤ ድምፁ ቀጠነ፣ የሌላ ሰው መሰለ። «ይሄ የኔ ድምፅ ነው?» ትላላችሁ። አዎ፣ የእናንተ ነው። ሰው ሁሉ በስልክ፣ በመንገድ፣ በሱቅ ሲሰማው የኖረው ይሄንን ነው። ማንም ጆሮውን ይዞ አልሸሸም።

አፍንጫዬ ገዘፈ የሚል ደግሞ ስንቱ ነው! ስልኩን ስንት ርቀት ላይ ይዛችሁ ነው? እ.ኤ.አ. በ2018 በአንድ የፊት ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ስሌት አለ። ከ30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የተነሣ ሴልፊ ከ1.5 ሜትር ከተነሣው ጋር ሲነጻጸር አፍንጫን በ30 በመቶ ገደማ አስፍቶ ያሳያል። ጥፋቱ የርቀቱ ነው። ስልኩን መደርደሪያ ላይ አስደግፋችሁ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብትሉ ፊታችሁ ወደ ቦታው ይመለሳል። አሠልጣኙ ለዚህ የ1.5 ሜትር ችግር ነው ሌላ ሰው ቅጠሩ ያለው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ «ሰው ምን ይለኛል» አለ። መልሱን ልንገራችሁ፤ ሰው አያስተውላችሁም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ላይ ተማሪዎች የሚያሳፍራቸው ዘፋኝ ፊት የታተመበት ቲሸርት ለብሰው ሰው ወደተቀመጠበት ክፍል እንዲገቡ ተደረገ። ስንቱ ያስተዋለ ይመስላችኋል ሲባሉ ግማሽ ያህሉ አሉ። በእርግጥ ያስተዋለው ሩብ ያህሉ ነበር። እናንተ ሌሊት እንቅልፍ አጥታችሁ የምታስቡት ያ የተንተባተባችሁበት ቃል፣ ያ የተጣመመ ኮሌታ፣ የሚያየው ሰው ልብም አላለው። እሱ ስለ ራሱ እያሰበ ነው።

እንግዲህ አስቡት። የመስታወት ልማድ፣ የአጥንት ድምፅ፣ የካሜራ ርቀት፣ የሰው ዓይን ፍርሃት። አራቱም ተደራርበው አንድን ሙያተኛ «አንተ ለዚህ አልተፈጠርክም» ይሉታል። አራቱም ውሸት ናቸው። አሠልጣኝ ተብሎ የተቀመጠው ሰው ይህን ውሸት በማፍረስ ፈንታ ማኅተም አደረገበት።

አሁን ስለ ጓደኛዬ ቪዲዮ ልንገራችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች አያምሩም ነበር፤ እሱን አልክድም። ጽሑፍ ይዛ ታነባለች። አገጯ ወደ ላይ ተሰቅሏል። ድምፁ የዜና አንባቢ ነው። ስታነብ ትከሻዋ ይነሣል፣ ስትጨርስ ይወርዳል። አንድ ቀን ቀረጻውን ዘጋሁት ብላ ስልኩ እየቀረጸ ቀረ። እኔ አንዱን ቦርሳ አንሥቼ «እጀታው ለምን እንዲህ ጥቅጥቅ ብሎ ተሰፋ?» አልኳት። ተቀበለችኝና ጎንበስ አለች። «ቦርሳ የሚበጠሰው እዚህ ጋ ነው» አለች፣ አውራ ጣቷን እጀታው ሥር ተክላ። «ሰው ይዞ የሚጎትተው እዚህ ጋ ነዋ። ስለዚህ ክሩን ሰም አስነክቼ በሁለት መርፌ ነው የምሰፋው። አንደኛው ክር ቢበጠስ ሌላኛው ይይዘዋል። እየው፣ ሳበው።» ሳብኩት። «በኃይል ሳበው እንጂ!»

40 ሰከንድ ናት። የፊቷ ግማሽ ከካሜራው ውጪ ነው። ጸጉሯ ዓይኗ ላይ ወርዷል። እኔ ግን ከዚያ የተሻለ የንግድ ማስታወቂያ አይቼ አላውቅም። ያንን ቦርሳ ማን እንደሰፋው የሚጠራጠር ሰው አይኖርም።

የተቀጠረው ፊት ይህን ከየት ያመጣዋል? «በሁለት መርፌ የተሰፋ» ብሎ ማንበብ ይችላል። አውራ ጣቱን የት እንደሚተክል ግን አያውቅም። የኤአይ ፊት ደግሞ የጻፉለትን ይላል፤ መርፌ ይዞ አያውቅም፣ ጣቱ ተወግቶ አያውቅም። አንድ ሰው ኮሜንት ላይ «ዝናብ ቢመታው ክሩ ይላላል?» ብሎ ቢጠይቅ ሁለቱም ዞረው ቦርሳውን የሰፋችውን ሴት ነው የሚጠይቁት። ታዲያ ለምን መጀመሪያውኑ እሷ አትናገርም? ትልቅ ድርጅት ፊት ይከራያል፤ የራሱ ፊት የለውማ። ትንሽ ንግድ ግን ከትልቁ የሚበልጥበት አንድ ነገር ቢኖር የሠራው ሰው እዚያው መኖሩ ነው። እጀታው ቢበጠስ የማን ስም ተጠርቶ እንደሚጠየቅ ገዢው ማወቅ ይፈልጋል። ያንን ፊት ደብቆ የማይታወቅ ፊት ማቆም ያለህን አንድ ሀብት አውጥቶ መጣል ነው።

ካሜራ መልመድ ተሰጥኦ ነው የሚለውንም አልቀበልም። ቃሉ ራሱ ይናገራል፤ መልመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ዛየንስ ሰዎች ትርጉም የሌላቸው ቃላትን፣ የማያውቋቸውን ፊደሎችና ፊቶች ደጋግመው ሲያዩ ብዙ ጊዜ ያዩትን የበለጠ እንደሚወዱ አሳይቷል። የራሳችሁ ፊት በቪዲዮ ላይ ከዚህ ሕግ የሚወጣበት ምክንያት የለም። አሥረኛውን ስታዩ እንደ አንደኛው አትደነግጡም። ፍርሃት ደግሞ በሸሹት ቁጥር ነው የሚያድገው። «ለጊዜው ሰው ይናገርልኝ» ያለ ሰው በሚቀጥለው ዓመትም ሰው ነው የሚናገርለት።

መንገዱም ያን ያህል ከባድ አይደለም። በኋላ ካሜራ ቅረጹ፤ ራሳችሁን እያያችሁ አታውሩ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ጄረሚ ቤይለንሰን እ.ኤ.አ. በ2021 የቪዲዮ ስብሰባ ለምን እንደሚያደክም ሲጽፍ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ የራስን ፊት እያዩ መዋል ነው፤ የራስን ምስል ከስክሪኑ ሰውሩ ብሎም መክሯል። ፊታችሁን ወደ መስኮት አዙሩ፣ ስልኩን በዓይናችሁ ልክ አድርጉት። ከስልኩ ኋላ ሰው አቁሙና ለእሱ ንገሩት፤ ሰው ለመስታወት ማውራት አይችልም፣ ለሰው ግን ይችላል። እጃችሁ ሥራ ይያዝ። ቀርጻችሁ ወዲያው አትክፈቱት፤ ይደር። ጽሑፍ አታንብቡ። ይህን ብቻ አምስት ደቂቃ ቢነግረን አሠልጣኙን አመሰግነው ነበር።

ፊቱን ላለማሳየት በቂ ምክንያት ያለው ሰው አለ፤ የሚያሳድደው ሰው ያለበት፣ ደኅንነቱ የሚያሰጋው። እሱ እጁንና ድምፁን ያሳይ፤ ያም የራሱ ነው። ከዚያ ያለፈ ሰበብ አይዋጥልኝም።

ትናንት ማታ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። «40 ሰከንዷን አጠፋሻት?» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች።

«አለች» አለችኝ። «ግን እኮ ፊቴ ግማሹ ነው የሚታየው።»

«እጀታው በደንብ ይታያል» አልኳት።