ላባ የሌለው ቀስት

ደጋን መግዛቴን ለእናቴ በስልክ ስነግራት ጥቂት ዝም አለችና፣ «ጥጥ ልትነድፍበት ነው?» አለችኝ። ቨርጂኒያ ድረስ ሄጄ ባዘቶ የማወጣ መስሏት አዘነችልኝ። የቀስት ደጋን መሆኑን ሳስረዳት ደግሞ የባሰ ተጨነቀች። «ማን ነካህ ልጄ?»

ማንም አልነካኝም። ያስቸገረኝ ቀስቱ ነው። ከ15 ሜትር ላይ ስለቀው ጭራውን እንደ ውሻ እየቆላ ይሄድና ከኢላማው በስተግራ ይሰካል።

ቅዳሜ ቡና ሊጠጡ የመጡ ወዳጆቼ ደጋኑን እየተቀባበሉ መረመሩት። ከመካከላቸው ቀስት ወርውሮ የሚያውቅ የለም፤ ምክር የሌለውም የለም። አንዱ «አውታሩ ላልቷል» አለ። መቼም እውነቱን ነበር፦ አውታሩን አውልቄ ጥቂት ዙር ሳከርረው አጠረ፤ ከእጀታው ያለው ርቀት ከ18 ወደ 19 ሴንቲ ሜትር ከፍ አለ፤ ስለቀውም መጮኹን ተወ። ሌላው «ጸበል ውሰደው» አለኝ። እሱን ገና አልሞከርኩትም።

ቀስቱ ግን አሁንም ወደ ግራ ነው። በመለማመጃው ሜዳ የማገኛቸው አንድ አዛውንት ጉዴን ሲያዩ ከርመው፣ «ከስድስቱ ቀስቶችህ የሁለቱን የጭራ ላባ ንቀል» አሉኝ። ለካ ላባ ገመና ሸፋኝ ነው! አካሄዱ የተበላሸውን ቀስት በአየር ላይ እያቃና ያደርሰዋል። ራቁቱን የተላከው ግን ሁሉን ይናዘዛል። ከባለ ላባዎቹ በታች ካረፈ አውታሩ ላይ የተሰካበት ቦታ ከፍ ብሏል፤ በላይ ካረፈ ዝቅ ብሏል። እንደ እኔ በቀኝ እጁ ለሚስብ ሰው ደግሞ ወደ ግራ ከሄደ አገዳው ግትር ነው፤ ወደ ቀኝ ከሄደ ልል ነው። ቀስት ሲለቀቅ እንደ እባብ ተጣጥፎ ደጋኑን ዞሮ ነው የሚያልፈው። የእኔ አልታጠፍም ባይ ነበር። ጫፉ ላይ ከበድ ያለ ብረት ሳስርለት ለዘበ። የሰው ነገር ተቃራኒ ነው፤ የዕድራችን ሊቀ መንበር ኃላፊነት ከተጫነበት ወዲህ አንገቱ እንኳ አልዞር ብሎታል።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ላባ ማየት ሆነ። ባለፈው እሑድ ለአንድ ወዳጃችን ሚስት ልንጠይቅ ሽማግሌ ሆነን ሄድን። «ልጃችን የተማረ ነው፣ ቤት አለው፣ መጠጥ አይቀምስም» አልን። ቤቱ የባንክ ነው፤ መጠጡም ከሰኞ እስከ ሐሙስ እውነት ነው። የልጅቷ አጎት እስከ መጨረሻው አዳመጡንና፣ «መልካም፤ እንዲያው በሌጣው ምን ይመስላል?» አሉ።

የሽማግሌዎቹ አለቃ ክርናቸውን ጎኔ ውስጥ ባይሰኩት ኖሮ፣ «ትንሽ ወደ ግራ ይላል፤ ጫፉ ላይ ክብደት ቢታሰርለት ይቃናል» ልል አፌን ከፍቼ ነበር።