ማስተካከያ፦ በ2009 የተዘጋው ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር አይደለም
ስለ ሐዋሳ ነባር የጨርቃ ጨርቅ ሱቆች ቀደም ሲል ባቀረብነው ጽሑፍ፣ የእንግሊዙ ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር በ2009 እ.ኤ.አ. መደብሮቹን ዘግቶ ከገበያ እንደወጣ መግለጻችን ስሕተት ነው። በዚያ ዓመት ጃንዋሪ ወር የመጨረሻ መደብሮቹን የዘጋው፣ በብሪታንያ ከ800 በላይ ቅርንጫፎች የነበሩት ዉልዎርዝስ ሲሆን፣ ሁለቱን ያምታታነው እኛው ነን። ማይክል ማርክስ በ1884 በሊድስ ገበያ፣ «ዋጋ አትጠይቁ፣ አንድ ፔኒ ነው» እያለ በአንዲት መደብ የጀመረው ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር ዛሬም እየሠራ ነው፤ ያቆየውም ልብሱ ብቻ ሳይሆን፣ ከ2020 ጀምሮ ኦካዶ ከተባለው የብሪታንያ የሸቀጣ ሸቀጥ አድራሽ ኩባንያ ጋር በሽርክና በኢንተርኔት ጭምር የሚሸጠው ምግቡ መሆኑ ሊዘለል ባልተገባ ነበር።

ስሕተቱ የስም ብቻ አይደለም፤ የነባር ሱቅ ዕጣ መዘጋት ነው ያልነው በዚሁ ምሳሌ ተመርኩዘን ስለነበር፣ ድምዳሜውንም ትተነዋል። ስሕተቱን የጠቆሙን ፒያሳ አካባቢ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ነጋዴ ሲሆኑ (ጽሑፉን ያነበበላቸው ልጃቸው ነው)፣ አቡጀዲ በሜትር በሚለኩበት ባንኮኒ ላይ የዱቤ ደብተራቸውና የቴሌብር ኮዳቸው ጎን ለጎን ይታያሉ።