ማስተካከያ፦ በድዋርፍ ፎርትረስ ፍለድጌት የውሃ ግፊትን አይቀንስም

ድዋርፍ ፎርትረስ ምሽግ የሚገነባበት የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ቀደም ሲል በወጣው የጨዋታው የውሃ ጉድጓድ አሠራር መመሪያ፣ ከወንዝ ወደ ማጠራቀሚያ በሚወስደው ቦይ ላይ አንድ ፍለድጌት (የውሃ መዝጊያ በር) መግጠም ምሽጉን ከጎርፍ ለማዳን ይበቃል ተብሎ ነበር። አይበቃም። ፍለድጌት ውሃውን ይዘጋል ወይም ይለቃል እንጂ ግፊቱን አይነካውም። ማጠራቀሚያውና ጉድጓዱ ከወንዙ ብዙ ደረጃ ዝቅ ብለው ከተቆፈሩ፣ በሩ ክፍት እስከሆነ ድረስ ውሃው በጉድጓዱ አፍ ተገፍቶ ወጥቶ መኝታ ቤቱን ሁሉ ያጥለቀልቃል።

ግፊቱን የሚሰብረው ሰያፍ መተላለፊያ ነው፦ ሁለት የቦይ ካሬዎች በጎን ሳይሆን በማዕዘን ብቻ እንዲነካኩ አድርጋችሁ ቆፍሩ። ቦታው ወሳኝ ነው፤ ከማጠራቀሚያው ጋር በአንድ ደረጃ ላይ ይሁን። ከላይ ተሠርቶ ውሃው ከዚያ በኋላ እንደገና ቁልቁል ከወረደ ግፊቱ ይመለሳል። ከሰያፉ በኋላ ፓምፕ ማስገባትም ያው ነው፣ ልፋቱን ከንቱ ያደርጋል።

ፍለድጌቱ የሚታዘዝበት ፍጥነትም ይታረም። ከሩቅ የሚከፍተውና የሚዘጋው ማንሻ ከተሳበ በኋላ ፍለድጌቱ የሚንቀሳቀሰው 100 ቲክ (የጨዋታው ትንሿ የጊዜ መለኪያ) ቆይቶ ነው፤ ወዲያው የሚታዘዘው ከማንሻ ጋር የተያያዘ ተራ በር ነው። ስለዚህ ማጠራቀሚያው 7 ከ7 (እስከ አፉ) እስኪሞላ ሳትጠብቁ ለመዝጋት ማንሻውን ሳቡ።

ለማግማ (ለቀለጠ ዓለት) ከሆነ ፍለድጌቱም እሱ ላይ የሚገጠመው መካኒዝምም (ከማንሻው ጋር የሚያያይዘው ክፍል) የብረት ወይም የስቲል ይሁኑ፤ መዳብ ይቀልጣል። ማንሻው ላይ የሚቀመጠው ሁለተኛው መካኒዝም ከየትኛውም ድንጋይ ቢሠራ ግድ የለም።