የገጠር ኦ ክፍሎች ይወዳደሩ፣ በግድግዳ ቀለም ግን አይደለም

ድሬዳዋ ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው የከዚራ ሰፈር፣ ባቡር ጣቢያውና የቀፊራ ገበያ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ግን ከአስተዳደሩ 342 ሺህ ገደማ ነዋሪ ውስጥ ከመቶ 32ቱ የገጠር ሰው ነበር። በዋሂል፣ በቢዮ አዋሌ፣ በጀልዴሳና በአሰሊሶ ክላስተሮች የታቀፉት የገጠር ቀበሌዎች ልጆች ትምህርት የሚጀምሩት ከተማ ውስጥ እንደምናየው ዥዋዥዌ ባለው መዋዕለ ሕፃናት አይደለም። ትምህርት ቤት የደረሰላቸው በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ በተለቀቀች አንዲት ክፍል ይጀምራሉ። ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለችውን ይህችን የዝግጅት ክፍል መምህራኑ ኦ ክፍል ይሏታል።

የእነዚህ ክፍሎች ነገር ሲነሳ ወሬው ቶሎ የሚያርፈው የትኛው ቀበሌ ስንት ልጅ መዘገበ፣ የትኛው ክፍሉን ቀለም ቀብቶ ፊደል አሣለበት በሚለው ላይ ነው። ማወዳደሩን አልቃወምም፤ እንዲያውም በደንብ ይወዳደሩ ባይ ነኝ። ጠቤ ከመለኪያው ጋር ነው።

ቁጥር እንዴት እንዲህ እንደገነነ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ለረጅም ጊዜ መዋዕለ ሕፃናት ለግል ባለሀብቶች፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች የተተወ ሥራ ነበር። እነርሱም በአብዛኛው ከፋይ ወላጅ ባለበት ከተማ ከተሙ። በ2002 ዓ.ም. ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ወጣና መንግሥት በኦ ክፍል በኩል ገባበት። በአገር አቀፍ ደረጃ በ2003 ዓ.ም. ከመቶ 5 ገደማ የነበረው የቅድመ አንደኛ ደረጃ ጥቅል ተሳትፎ (በዕድሜው ካሉት ሕፃናት ቁጥር አንጻር የተመዘገቡት ሁሉ ሲሰሉ) በ2007 ዓ.ም. ወደ 39 ወጣ። ሪፖርት ላይ ያምራል። ያ ሁሉ ሕፃን የገባው ግን አዲስ ቤት ተሠርቶለት፣ አዲስ መምህር ሠልጥኖለት አይደለም፤ ባለው ላይ ተሸጋሽጎ ነው።

በገጠር የመዝገብ ቁጥር ሁለት ጊዜ ያታልላል። መጀመሪያ፣ የተመዘገበው ሁሉ አይመጣም። መስከረም ላይ ስሙ የተጻፈ ልጅ ማሽላው ሲያፈራ ወፍ ጠባቂ ይሆናል። እናቱ እንጨት ወይም ወተት ይዛ ቀፊራ በወረደችበት ቀን ደግሞ ከፍየሎቹ ጋር ይውላል። ሁለተኛው ማታለያ ተቃራኒው ነው፤ ያልተመዘገበው ይመጣል። የአንደኛ ክፍል ተማሪዋ ታናሽ ወንድሟን አዝላ ትደርስና ኦ ክፍል በር ላይ አውርዳው ወደ ክፍሏ ትገባለች። ልጁ ሦስት ዓመት እንኳን አልሞላውም፤ ስሙ በየትኛውም መዝገብ የለም። መምህሯ ግን አፍንጫውን ትጠርጋለች፣ ሲያለቅስ ታባብለዋለች፣ ስታስተምርም በእግሯ ሥር ነው።

እንግዲህ ሁለት ጎረቤት ትምህርት ቤቶችን አስቡ። አንዱ ታናናሾቹን ከበር ይመልሳል፤ ክፍሉ ጸጥ ያለ፣ ቁጥሩም ከመዝገቡ ጋር የገጠመ ነው። ሌላው ይቀበላቸዋል፤ ክፍሉ ይንጫጫል። አሁን ባለው መለኪያ አሸናፊው የመጀመሪያው ነው። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት በዚህ አሠራሩ ታናሿን የምትይዝላት ያጣች አንዲት የሰባት ዓመት ልጅን ከትምህርት ገበታዋ ማስቀረቱን ግን የሚመዘግብ ቅጽ የለም።

ከሁሉ በላይ መመዘን ያለባት መምህሯ ናት። ለሕፃናት የሠለጠነ ሰው በሌለበት ርዕሰ መምህሩ ያለውን ይመድባል፤ የቸገረው እርጉዝ ያገባል። አንዳንዴ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች የቀበሌው ልጅ ትመደባለች፣ አንዳንዴም ሌላ ክፍል ያልተገኘለት መምህር። እዚህ ላይ ዲፕሎማን ብቻ የሚቆጥር ሚዛን አይታመንም። በድሬዳዋ ትምህርት በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማልኛና በአማርኛ ይሰጣል፤ የገጠሩ ልጅ የቤት ቋንቋ በብዛት ከፊተኞቹ ሁለቱ አንዱ ነው። በልጁ ቋንቋ የምትዘፍን፣ የምትቆጥርና ጠብ የምትገላግል የቀበሌው ልጅ፣ በየዓመቱ ወደ ከተማ ለመዛወር ከምትጽፍ ባለ ዲፕሎማ ልትበልጥ ትችላለች። ሁለቱን አጣምራ የያዘች ከተገኘች ደግሞ እንዳትሄድ መለመን ነው። ስለዚህ ንጽጽሩ በየትኛው ቋንቋ እንደምታናግራቸው፣ በዚያ ክፍል ስንት ዓመት እንደቆየች፣ ልጆቹ በጠጠር፣ በጭቃና በቆሮቆንዳ ሲጫወቱ ይውሉ ወይስ ተደርድረው ቃል ሲደግሙ ይጠይቅ። ከተማ ውስጥ አንዳንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት የስድስት ዓመት ልጅን ጋዋን አልብሰው ያስመርቃሉ (ከምን እንደተመረቀ እስካሁን የነገረኝ የለም)። የገጠሩ ክፍል ይህን እንደ ዕድገት አይቶ እንዳይኮርጅ እሰጋለሁ።

አንዳንድ መምህራን ማወዳደሩ ራሱ ድሃን ከድሃ ማፎካከር ነው ይላሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። የመንግሥት የትምህርት ቁጥጥር፣ ማለትም ኢንስፔክሽን፣ ትምህርት ቤቶችን በግብአት፣ በሂደትና በውጤት መዝኖ ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣል። ከተማ ውስጥ ወላጅ ይህን ሰምቶ፣ አቅሙ ከፈቀደ፣ ልጁን ወደ ሌላ ይወስዳል። በገጠር ቀጣዩ ትምህርት ቤት ከተራራው ማዶ ነው፤ የስድስት ዓመት ልጅ አይደርስበትም። ዝቅተኛ ደረጃ ለዚያ ወላጅ ስድብ እንጂ መረጃ አይሆንም። ስለዚህ የገጠር ንጽጽር ደንበኛው የሚመርጠው ወላጅ አይደለም፤ መምህርና በጀት የሚመድበው ጽሕፈት ቤት ነው። ዝቅ ያለው ክፍል ደረጃ ተለጥፎበት የሚቀመጥ ሳይሆን መጀመሪያ ሰው የሚላክለት መሆን አለበት። ቆላውን የጀልዴሳ አካባቢ ከደጋማው ጋር ማፎካከርም አይጠቅምም። በአንድ የጉድኝት ማዕከል (የጎረቤት ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ሥር ያሉት እርስ በርሳቸው ይተያዩ፤ ሱፐርቫይዘሩም ሳይነገር፣ በገበያ ቀን ሄዶ ይቁጠር።

ጉዳዩ ጊዜ አይሰጥም። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛ ደረጃን ሁለት ዓመት አድርጎታል። በሌላ አነጋገር የአምስት ዓመት ልጆችም ወደዚያችው አንድ ክፍል፣ ወደዚያችው አንዲት መምህር ሊመጡ ነው። ብዙ ልጅ ይዞ የሠለጠነ መምህር የሌለው ክፍል ከዝርዝሩ አናት ይቀመጥ። በዚህ ዓመት ለሕፃናት ከሠለጠኑት የመጀመሪያዋ፣ ከመኖሪያ ቤትና ከበረሃ አበል ጋር፣ ወደዚያ ትመደብ። የመምህራን ዝውውርና ምደባ የሚያልቀው በክረምት ነውና ንጽጽሩ ከሰኔ ማለፍ የለበትም።